በምሽጉ ውስጥ ያላቀበልኩት ስልክ

ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት አትላንታ አጠገብ ባለችው ዲኬተር ውስጥ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ። ባለቤቷ ሚስ ሎሬን ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ጡረተኞችን እየሰበሰቡ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ያለበትን ቦታ ያስጎበኛሉ። ከዚያ በፊት አትላንታ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁና ስለ መንዳት የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም ነበር። እሳቸውም ስለ መንዳት አልነገሩኝም። ቫኑ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ሰዎቹን ቁጠር አሉኝ። ቆጠርኩና አሥራ አራት፣ ሙሉ ነን አልኩ። እኔንም ቆጥረህ ነው? ብለው ጠየቁኝ። ለካ እሳቸውን ቆጥሬ አንዲት አሮጊት ሽንት ቤት ጥዬ ልሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው በዐይን ቆጥሬ አላውቅም። ወንበሩን በእጄ እየነካሁ፣ ስም እየጠራሁ ነው የምቆጥረው። አሁን ሥራውን የያዛችሁ ልጆች በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ እንደምትቆጥሩ ሰምቻለሁ። ፎቶ ሽንት ቤት ያለውን አያነሳም።

ሦስት ዓመት ሾፌር ሆኜ ሠራሁ። ከዚያ ረዳት ሆንኩ፤ ረዳት ማለት ሻንጣ የሚቆጥርና ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ነው። ከዚያ ቱር ሊደር። ቱር ሊደር አስጎብኚ አይደለም፤ ታሪኩን የሚናገረው የቦታው ሰው ነው። የእኛ ሥራ ሰውን በቁጥሩ ወስዶ በቁጥሩ መመለስ ነው።

ዕቃችን ጥቂት ነው። የስም ዝርዝር የያዘ ሰሌዳ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳ፣ ፊሽካ። ከሁሉ የምትበልጠው ቢጫዋ ወረቀት ናት። ለእያንዳንዱ ተጓዥ አንድ አንድ አለች፤ ያለበት በሽታ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ክፉ ነገር ቢመጣ የሚደወልለት ዘመድ ይጻፍባታል። ዘመዱም በበኩሉ የቱር ሊደሩ ስልክ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህችን ወረቀት በቃሌ አጠናት ነበር። በዚህ እኮራ ነበር ማለት ይሻላል።

ወደ ጋና በዓመት ሁለት ጊዜ እንሄዳለን። በባሕሩ ዳርቻ ብዙ ምሽግ አለ፤ ታዋቂዎቹ ተጠግነው፣ ነጭ ቀለም ተቀብተው ቲኬት ይቆረጥባቸዋል። ሚስ ሎሬን ግን ከእነሱ ቀጥሎ አንድ ፍርስራሽ እንድናይ ያደርጉ ነበር፤ ፖርቱጋሎች የሠሩትን፣ ማንም ያልጠገነውን። በባሕሩ በኩል ያለው ግንብ ወድቋል። መድፎቹ ዝገው አሸዋ ውስጥ ተቀብረዋል፤ አሣ አጥማጆች መረባቸውን ያሰጡባቸዋል። በሩ ላይ ግን ይህን የሚያህል ቁልፍ አለ። ኮፊ የሚባለው ዘበኛ በሥነ ሥርዓት ከፍቶ ያስገባናል፤ ፍየሎቹ በፈረሰው በኩል ቀድመው ገብተው ይጠብቁናል።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አፌ ቀደመኝ። በእኛ አገር ፖርቱጋል ሲባል ትዝ የሚለን ድልድይ ነው፤ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ያየ ሁሉ "የፖርቱጋል ነው" ይላል። እኔም አጠገቤ ለቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ እነዚህ ሰዎች እኛ ጋ ድልድይ ሠርተዋል አልኳቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ክንዴን ይዘው፣ ባሪያ ተብለው የተሸጡት ሰዎች ይታጎሩበት ወደነበረው ታችኛ ክፍል አወረዱኝ። መስኮት የለውም። ግድግዳው ላይ እስከ ደረት የሚደርስ የጠቆረ ጭረት አለ፤ የሰው ገላ እየታከከ የቀረ ነው ብሎ ኮፊ ቀድሞ ነግሮን ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ። እፍረቱ እስከ ሆቴል ተከተለኝ። ከዚያ በኋላ እዚያ ውስጥ ከሥራ ቃል ሌላ ላለመናገር ለራሴ ቃል ገባሁ።

የስልክ ከረጢቱ የመጣው በአንድ ተጓዥ ጥፋት ነው። ሰውየው ያንኑ ክፍል በቪዲዮ እያሳየ ከወንድሙ ልጅ ጋር ሲሳሳቅ ሴቶቹ አለቀሱ። ሚስ ሎሬን ይህን ሲሰሙ ቁጥር የተጻፈባቸው ኪሶች ያሉት ግራጫ ከረጢት አሰፉ። ምሽጉ በር ላይ የሁሉም ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ ሲወጡ ይመለሳል። ክፍት የሚሆነው የቱር ሊደሩ ብቻ ነው። ተጓዦቹ ወደውት ነበር። ከረጢቱን ወገቤ ላይ የምታጠቀው እኔ ነኝ።

ሚስ ዶሮቲ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ የዲኬተር ሴት ናቸው፤ ስለዚህ የእኔን አነዳድ አይወዱትም ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ሚስተር ዋልተር አቮንዴል እስቴትስ በሚባል ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ይኖሩ ነበር። ሌላ ወንድምም እህትም የላቸውም። ያንን ምሽግ አብረው ለማየት አራት ዓመት ተማከሩ። በአራተኛው ዓመት የሚስተር ዋልተር ኩላሊት ደከመና ሐኪም አውሮፕላን ከለከላቸው። እህትየው እኔም እቀራለሁ ሲሉ ወንድምየው ተቆጡ፤ ከሁለት አንዳችን እንኳ እንየው እንጂ አሉ።

የጉዞው ዕለት ሚስተር ዋልተርን ልጃቸው ኪም በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አየር ማረፊያ አመጣቻቸው። ከስተው ነበር። የእህታቸውን እጅ ይዘው የተናገሩትን አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ።

"እዚያ ስትደርሺ ደውዪልኝ። ምንም አታውሪ። ባሕሩን ብቻ አሰሚኝ።"

ሚስ ዶሮቲ እሺ አሉ። እኔም ስንወጣ በሩ ላይ ስልክዎን አስቀድሜ እሰጥዎታለሁ አልኳቸው። ከዚያ ሻንጣ ቆጥሬ አስገባኋቸው።

ምሽጉ የደረስነው በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው፤ አትላንታ ገና እየነጋ ነበር። ኮፊ ከፈተልን። አሥራ አንድ ስልክ ሰበሰብኩ። የሚስ ዶሮቲ ሰባተኛው ኪስ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ወደ ታችኛው ክፍል ሲወርዱ እኔ ደረጃው አናት ላይ ቀረሁ፤ መደገፊያ ስለሌለው የሚወጣውን የምቀበል እኔ ነኝ። ያኔ የእኔ ስልክ ጠራ።

ኪም ናት። አባቷ ማታ ሆስፒታል ገብተዋል። ሐኪሞቹ ቀኑን አይውሉም ብለዋል። አሁን ግን ነቅተዋል፤ አእምሯቸው ደህና ነው፤ የሚጠሩት እህታቸውን ነው።

"ሚስተር ሰይድ፣ አክስቴ አታነሳም። እባክዎ አሁኑኑ ያገናኙን" አለችኝ።

አክስትሽ ውስጥ ናቸው፣ አስደውልልሻለሁ አልኩና ዘጋሁት። ሚስ ዶሮቲ ከእኔ ሠላሳ እርምጃ አይርቁም ነበር።

ለምን? የሚለኝ ሰው አለ፤ እኔም ራሴን እለዋለሁ። እኔ የወሎ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ቆሞ ለሚሄድ ሰው፣ ባዕድ መካከል ላለ ሰው አይነገርም። እናቴ ደሴ ላይ የሞተች ጊዜ አትላንታ ያሉ ዘመዶቼ ዘጠኝ ቀን ደብቀውኛል። በዘጠነኛው ቀን ከሱብሒ ሰላት በኋላ ስድስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። አንዱ ውኃ ይዟል፤ አንዱ ትከሻዬን ይዟል። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እየሳቅሁ ታክሲ መንዳቴን ሳስበው አላስቀየመኝም። አክብረውኛል አልኩ። ዛሬም እንዲያ እላለሁ።

በዚያ ቀን የታየኝ ይኸው ነው። ቢጫዋ ወረቀት ላይ ሚስ ዶሮቲ ደም ግፊት እንዳለባቸው ተጽፏል። ደረጃው ገደል ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ መቀመጫ የለም። ሆቴል እስክንደርስ ልቻለው፤ ጥላ ላስቀምጣቸው፣ ጓደኛቸውን አጠገባቸው ላድርግ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ እነግራለሁ አልኩ። አዋቂ የሆንኩ መሰለኝ። መርዶ ለሞተ ሰው እንደሆነ፣ ሚስተር ዋልተር ግን ገና ሕያው እንደነበሩ ልቤ አላስተዋለም።

ወገቤ ላይ ሰባተኛው ኪስ መንዘር ጀመረ። ያቆምና እንደገና ይጀምራል። በላዩ ላይ እጄን ጫንኩበት።

ሚስ ዶሮቲ ከታች ወጥተው በፈረሰው ግንብ በኩል ባሕሩ ፊት ቆሙ። ማዕበሉ ድንጋዩን እየመታ ይመለሳል። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ ስልኬን ስጠኝ፣ ለዋልተር የምደውልበት ቦታ ይህ ነው አሉኝ። ደንቡ ስንወጣ ነው አልኳቸው። ደንብ አክባሪ ናቸውና ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ባሕሩ ዞሩ። በሩ ላይ ደግመው ጠየቁኝ። እዚህ ኔትወርክ የለም፣ የሁላችሁንም ሆቴል ስንደርስ አድላለሁ አልኩ። በሥራ ዘመኔ ለተጓዥ የዋሸሁት ይህንን ብቻ ነው።

የሆቴሉ መንገድ ረጅም ነው፤ ያን ቀን ደግሞ የገበያ ቀን ሆኖ መኪናው ይሳባል። ስንደርስ በረንዳው ላይ ጥላ ያለበት ወንበር መረጥኩ። ውኃ አስመጣሁ። የክፍል ጓደኛቸውን ጠርቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ወንድምዎ ትንሽ ደከም ብለዋል ብዬ ጀመርኩ። የእኛ ሰው ቢሆን ነገሩ እስኪገለጥለት ዐይን ዐይኔን ያየኝ ነበር። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

"ስልኬን" አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ኪም አነሳች። ሚስተር ዋልተር ካረፉ ሃያ ደቂቃ ሆኗቸው ነበር።

ሚስ ዶሮቲ አላለቀሱም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ኪም መቼ እንደደወለችልኝ ጠየቁኝ። ምሽጉ ውስጥ ሳለን፣ እርስዎ ታች እያሉ አልኩ። ሰዓቱን አስቆጠሩኝ። ኪም ከደወለች ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረው ነበር።

"ወንድሜ ሦስት ሰዓት ጠብቆኛል" አሉኝ፣ "አንተ ወንበር ስትፈልግልኝ።"

የክፍል ጓደኛቸው ደግፈው ወደ ውስጥ ይዘዋቸው ገቡ። እኔ ቀሪውን ስልክ ለየባለቤቱ አደልኩ፤ ሰው ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። ማንም አልጎደለም።

አትላንታ ስንመለስ ሁሉንም ሳልደብቅ ጻፍኩና ለሚስ ሎሬን ሰጠሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። የከረጢቱ ደንብ የእኔ ነው፣ ውሸቱ ግን የአንተ ነው አሉኝ። አላባረሩኝም። ባባረሩኝ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ቅጣት አለው ብዬ አርፍ ነበር።

ቤት ለልጄ ለሐያት ነገርኳት። እዚሁ ነው ያደገችው። ስለ መርዶ አስረዳኋት፤ ስለ ስድስቱ ሽማግሌዎችም። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

"አባዬ፣ ላይክ፣ የመጣው ኮል የሷ ነበር እኮ። አንተ ለምን ዲሳይድ ታደርግላታለህ?"



ቀብሩ ላይ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ኪም ራሷ መጥታ እጄን ጨበጠች። ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ የምታወራው ሰው ፈልጋ ይመስለኛል። ያን ጠዋት የአክስቷን ቁጥር እየደጋገመች ስትደውል ስልኩን ትራሱ ላይ፣ አባቷ ጆሮ አጠገብ አድርጋው ነበር። ሲጠራ ይሰማሉ። ሳይነሳ ሲቋረጥ፣ "ገና ውስጥ ናት፤ አትቸኩዪባት" ይሏት ነበር። እስከ መጨረሻው እንዲያ እያሉ ነው የሄዱት። ይህን ስትነግረኝ ፈገግ ብላ ነበር። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ወደዚያ ምሽግ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ሥራ ነው። ሚስ ዶሮቲ ከእኛ ጋር አልተጓዙም። አንዳንዴ ገበያ ስንገናኝ በስሜ ጠርተው ሰላም ይሉኛል። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ። ሰምቼሃለሁ ይሉኛል። ይቅር ብዬሃለሁ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም ሦስተኛ አልጠየቅኩም።

ለአዲሶቹ የምነግራችሁ ይህን ነው። ለተጓዥ የመጣ ወሬ የተጓዡ ነው። ደረጃ ላይ ቢሆን፣ ደም ግፊት ቢኖረው፣ ደንብ ቢከለክል፣ ስሙን ጠርታችሁ መጀመሪያ ስልኩን ስጡት። ወንበሩን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።