የጥድፌ ሚስት መሪ ስትይዝ

ዳቦ ጋጋሪዋ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ነበር። ትጠቀልላለች፣ ታሻለች፣ እንደ ልማዷም «ተነስ እንጂ አንተ ሰነፍ» እያለች ሊጡን ታናግረዋለች። ባሏ ገባና የመኪናውን ቁልፍ ምስማሩ ላይ ቀስ አድርጎ ሰቀለ። ሌላ ቀን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮት ነው የሚገባው። ደነገጠች።

«ምነው? አመመህ እንዴ?»

«ወሰዱት።»

«ምኑን?»

«መንጃ ፈቃዴን ነዋ! ነጥቡ ሞላ።»

ሰፈሩ ሁሉ ጥድፌ ይለዋል። ዳቦ ሳይቀዘቅዝ አደርሳለሁ ብሎ ሲከንፍ ቢጫ መብራት ለእሱ አረንጓዴ ነበር። ድሮ ቅጣቱን ከፍሎ እየሳቀ ይመለሳል። አዲሱ ደንብ ግን ቀልድ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ጥፋት ነጥብ አለው፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ከሞላ ስድስት ወር መንዳት የለም። እየነዱ ስልክ ማንሳት ደግሞ ከባድ ነጥብ ያስይዛል። ጥድፌን የጣለው እሱ ነው።

«ማን ቢደውልልህ ነው ያነሳኸው?»

ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።

«እኔ ነኝ እንዴ?»

«እርሾ ግዛ ያልሽኝ ጊዜ።»

«እርሾውንስ ገዛህ?»

«አልገዛሁም።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነገሩ ትዝ አላት። ጠዋት ዳቦው ካልደረሰ ባለሱቆቹ ከታች ካለው ትልቁ ዳቦ ቤት መውሰድ ይጀምራሉ። ሾፌር እንዳይቀጥሩ አቅም የላቸውም። ደንበኛ ከሄደ ምድጃው ጠፋ ማለት ነው።

እጇን ታጠበች፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ ከአንሶላዎቹ ሥር የራሷን መንጃ ፈቃድ አወጣች። በወጣትነቷ ያወጣችው ነው። «እኔ እያለሁ ምን አደከመሽ?» ስትባል ኖራ፣ ጊዜው ባለፈ ቁጥር ግን ሳትታክት አሳድሳዋለች።

«አንዲት ነጥብ የለበትም!»

«ሳትነጂ ማን ይቅጣሽ!» አለ ጥድፌ። ያን ቀን ገና መሳቁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ስትለማመድ ዋለች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዳቦው ተጫነ፤ እሷ መሪው ላይ፣ እሱ ጎኗ።

«ፍሬን! ኧረ ፍሬን!»

«ፍሬኑ እኔ ጋ ነው። አንተ የምትረግጠው ምንጣፉን ነው።»

እግረኛ ማቋረጫው ጋ ስትደርስ፣ ለመሻገር ላላሰበ ሰውዬ እንኳ ቆመችለት። ሰውየው አፍሮ ተሻገረ። ትንሽ እንደሄዱ ትራፊክ ፖሊሱ አስቆማት።

«እናቴ፣ ከኋላዎ ያለው ሰልፍ አጃቢዎ ነው?»

«ዳቦ ጭኜ ነው ልጄ፣ እንዳይደፋብኝ።»

«በሉ እሺ፣ ነዳጁን ትንሽ ይርገጡት» አለ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

የመጀመሪያዋ ባለሱቅ በሯ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማለች። «ጥድፌ፣ ዛሬ በእግርህ ነው እንዴ የመጣኸው? ከታችኞቹ ልወስድ ስልኬን አንስቼ ነበር እኮ!»

ጥድፌ የዳቦውን ሣጥን ፈጥኖ አወረደ። ባለሱቋ የሣጥኑን ጨርቅ ስትገልጥ ግን ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። ጥድፌ ሲያመጣው ዳቦው በየማጠፊያው ወደ አንድ ጎን ተከምሮ፣ ግማሹ ተጨፍልቆ ነበር የሚደርሰው። ዛሬ እያንዳንዱ ዳቦ ጉብ ብሎ፣ ልክ ከምድጃ እንደወጣ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ነገ ሁለት ሣጥን አድርጊልኝ። ግን ቀደም ብላችሁ ተነሱ» አለችና ወደ ጥድፌ ዞራ፣ «ሾፌሯን እንዳትቀይር!»

ከዚያ ወዲያ ቀደም ብለው መነሳት ለመዱ። ስልክ ማንሳት የጥድፌ ሥራ ሆነ፤ ያለ ነጥብ ያወራል፣ ሣጥን ያወርዳል፣ ባለሱቆቹን ያስቃል። ቀድሞ ከመስኮት ሰላም ብሎ ያልፍ የነበረው ሰው አሁን የልጆቻቸውን ስም ሁሉ ያውቃል። እግሩም ምንጣፉን መርገጡን ረሳ።

ስድስቱ ወር ሲሞላ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። «ዛሬ መንጃ ፈቃዴን እወስዳለሁ። ትራፊክ ቢሮው ጋ ስንደርስ አውርጂኝ።»

ቢሮው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ስልኩ ጮኸ። አዲስ ደንበኛ ነው። ጥድፌ ሲስቅ፣ ሲከራከር፣ ቀጠሮ ሲይዝ ቢሮው ወደ ኋላ ቀረ።

«ውይ! አለፍነው። ዙሪና መልሺኝ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ በአገጯ ምልክቱን አሳየችው። «እዚህ መዞር ክልክል ነው። ነጥብ አለው።»

ጥድፌ መቀመጫው ላይ ደገፍ አለ። «እንግዲያው ነገ» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ነገ እንዳለ ነው።