የተገዘተችው ጂፕ

ጎረቤቴ ባጃጁን በሰንሰለት ሲያስር የቤንዚኑ ሽታ ይመጣና ወደ ደባርቅ፣ ወደ ሙሽርነቴ ይወስደኛል።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው። የባሌ አባት አሮጌ ጂፕ ጉም ለብሳ ግቢው ውስጥ እንደ ላም ተኝታለች። ሌቦች መጀመሪያ ስፖኪዮዋን ነቀሉ፣ ቀጥለው ባትሪዋን ወሰዱ። አባባን የጨነቃቸው ብረቱ አልነበረም። የሟች ባለቤታቸው ነጠላ፣ አብረው ከዳባት ገበያ በተመለሱበት በመጨረሻው ቀን እንደተቀመጠ፣ ወንበሩ ላይ ነበረ።

የንስሐ አባታቸውን ጠሩ። ቄሱም መስቀላቸውን አውጥተው፣ «ይህን በር የከፈተ የተገዘተ ይሁን!» አሉና በሊማሊሞ ወደ ቆላ ወረዱ፤ በዚያው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ሌባ ዝር አላለም። አንድ ጠዋት ግን አባባ እጃቸውን ወደ በሩ ሰደው መለሱት።

«ምነው አባባ?»

«ቄሱ ‹ከባለቤቱ በቀር› አላሉም እኮ፣ ልጄ!»

«ሌላ ቄስ ይፍቱዋ።»

«የገዘተው ነው የሚፈታ።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በጋቢያቸው ጫፍ መስታወቱን ወልውለው፣ ግንባራቸውን አስደግፈው ወደ ውስጥ አዩ።

«ይኸው አለች፤» አሉኝ በቀስታ፣ «ነይ እያት።»

ጎረቤቴ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ገባ። የባጃጁ መስታወት ላይ ጉም ተኝቷል። ሳላስበው በነጠላዬ ጫፍ እወለውለዋለሁ።