ከሻማው ፊት የሚያልፈው ብርጭቆ

ቦንጋ ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩት አጎቴ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ያስለኩሱና ግርጌው ወፍራም የሆነውን ብርጭቋቸውን ከፊቱ ቀስ አድርገው ያሳልፉ ነበር። ብርሃኑ ለአፍታ ቦግ ይላል።

«ሩቅ ያለች ፕላኔት እንዲህ ነው የምትገኘው» ይሉኛል። «እሷ አትታይም። ከኮከቧ ጋር ስታልፍ ግን ከኋላ ያለው የሌላ ኮከብ ብርሃን በስበታቸው ይጎላል።»

«ከዚያስ ጋሼ፣ ተመልሳ ትመጣለች?»

«የለም ልጄ። አንዴ ታልፋለች፤ በቃ።»

መልሱን እያወቅሁ ሁልጊዜ እጠይቃቸው ነበር። ያቺን «በቃ» ሲሏት ደስ ትለኝ ነበር።

ለአጎቴ ቀብር ከዋጫ ከተማ የመጡት ለቀስተኞች ሄደው የእድሩ ዕቃ ሲመለስ፣ ያ ብርጭቆ ከእድሩ ብርጭቆዎች ጋር ተቀላቅሎ ሄደ። ትናንት መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሼ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ እንዳለ ነው፤ ከፊቱ የሚያልፍ ግን የለም።