መርዶ ያለ ሽማግሌ

አጎቴ አዲስ አበባ ሲያርፍ ወንድሙ፣ ማለትም አባቴ፣ አልተነገረውም። እኛ ቤት መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፣ የሐዘኑን ባለቤት ያስቀምጡታል፣ ያረጋጉታል፣ ከዚያ ነው የሚነግሩት። አባቴ ደግሞ የልብ ኦፕሬሽን ካደረገ ገና አልቆየም። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን አለች፤ የቤተክርስቲያን ሰዎች ብዙዎቹ ሺፍት የሌላቸው ያን ቀን ነው። እስከዚያ አዲስ አበባ ያሉትም፣ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ያለነውም አፋችንን ልንዘጋ ተማማልን። ወይ ጣጣ! እኔ ሆዴ ያለው ሁሉ ፊቴ ላይ የሚነበብብኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታችን በገባሁ ቁጥር የዩኒቨርሲቲ ኮርሴን ሰበብ አድርጌ ላፕቶፔ ላይ እደፋለሁ።

ኮርሱ ስለ ድሮው የአሜሪካ ሬዲዮ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ሳሎን ቁጭ ብዬ የድሮ ስርጭት ስሰማ አባቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዜና ካልሰማ እህል የማይወርድለት ሰው ነው። "ኢርፎኑን አውልቂውና አብረን እንስማ" አለኝ። ስለ አሜሪካ ካወራን ስለ አጎቴ አይጠይቀኝም ብዬ ደስ አለኝ።

የልጆች ድራማ ነበር። መሃል ላይ ቁርጥ አለና አንድ ሰውዬ ገብቶ ፕሬዚዳንቱ አረፉ አለ። በቃ! ጉሮሮ መጥረግ የለ፣ "እስቲ አንዴ ቁጭ በሉ" የለ። ክው አልኩ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ስንቷ እናት ልጇን ጦር ሜዳ ልካ፣ ድንች እየላጠች ነው ይሄን የሰማችው? ደግሞ ለሕፃናት! እኛ ለአንድ ሰው መርዶ እንቅልፍ አጥተን፣ እነሱ አገር ምድሩን በአንድ ጊዜ አረዱት! "ምን ዓይነት ጉዶች ናቸው?" አልኩ።

አባቴ ከእኔ ብሶ ደነገጠ። ታሪኩን ያውቀዋል፤ እንዲህ በጆሮው ሰምቶት ግን አያውቅም። ጭኑን በጥፊ መታና "ወይኔ! ሞተ? እንዲህ በድንገት? ሳይተኛ፣ ሳያስታምሙት?" ብሎ ጮኸ።

እናቴ ኪችን ዕቃ እያጠበች ነበር። የሰማችው የእሱን ጩኸት ብቻ ነው። እጇ ሳሙና እንደሆነ እየሮጠች ወጣችና ደረቷን ትደቃ ጀመር።

"ወየው! ማን ነገረህ? ወንድምህ ሳታየው ሄደብህ! ሳትቀብረው!"

"እማዬ፣ ሬዲዮ ነው! ሪኮርዲንግ ነው! የአሜሪካ ነው!" አልኳት። ምን እንደምናገርም አላውቅም።

እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔን አየች፣ ላፕቶፑን አየች። ያደረገችው ሲገባት በዚያው በሳሙናው እጇ አፏን ያዘች። የሬዲዮው ሰውዬ ስለ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ ያወራል። ጠርቅሜ ዘጋሁት።

አሁን ልቡ ቀጥ ይላል ብዬ አባቴ ላይ ተጠመጠምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እሱ ግን አልወደቀም፣ አልጮኸም። እናቴን ብቻ ያያታል።

"ትናንት ወንድሜ ጋ ስደውል ልጁ አንስቶ 'አባዬ ተኝቷል' ሲለኝ፣ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ" አላት ቀስ ብሎ።

"አዎ" አለች።

"ሲነሳ ሰላም በልልኝ አልኩት። አንቺም 'የእኔንም ጨምርለት' አልሽኝ እኮ።"