ገደል አፋፍ ላይ የሚወርዱት ገዢ

እኒህ ሰውዬ ደላላነቴን ሊያስጠሉኝ ነው! ደባርቅ በመጡ ቁጥር ሁለቱን አዳዲስ ቪታራዎች፣ ማንዋሏንም ኦቶማቲኳንም ያስነዱኛል። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ነው የሚቀመጡት።

"ኦቶማቲኳ አታደክምም፣ ጋሼ።"

"ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢከዳ ምን ይይዛታል? ማርሽ ነው እንጂ!"

"እንግዲያው ማንዋሏን ይውሰዷት!"

"ማርሽ ሲቀይር የነጂው እጅ ከመሪው ይነሳ የለ?"

ሊማሊሞ አፋፍ ስንደርስ ያስቆሙኛል፤ አማትበው ይወርዳሉ። አንድም ቀን ቁልቁል አሳልፈውኝ አያውቁም።

ዛሬ እዚያው አፋፍ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና "ኧረ በማርያም፣ አንዷን ይምረጡ!" ብዬ ጮኽሁ።

የኋላውን በር ከፈቱ፤ ዘጉ፤ ደግመው ከፈቱ።

"መኪናዋ ብትገለበጥ፣" አሉኝ ገደሉን ቁልቁል እያዩ ቀስ ብለው፣ "አንዲት ትንሽ ልጅ ይህን በር ከውስጥ መክፈት ትችላለች?"