የጀሪካን ጀልባ በመርሳ ወንዝ

ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ውኃ በጠፋ ቁጥር የዶርማችን ኮሪደር በቢጫ ጀሪካኖች ይሞላል። ጓደኞቼ ሲያማርሩ እኔ ጎንበስ ብዬ የአንዱን አፍ አሸታለሁ። ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ፣ የቆየ የምግብ ዘይትና ትንሽ የጭቃ ሽታ አለው። ይስቁብኛል፤ አልፈርድባቸውም። ያ ሽታ ግን ከወልድያ አንሥቶ መርሳ ያወርደኛል፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ዘጠነኛን ሳልጀምር ጦርነቱ ወደ ደረሰብን ወደ 2013 ክረምት።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የሰሜን ወሎ ልጆች ያንን ክረምት ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ መብራት ሄደ፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ከዚያ ባንክ ተዘጋ። ዋናው መንገድ መኪና የማይታይበት ሆነ፣ ታጣቂዎችም ከተማዋን ያዙ። ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ እናቴ ታናናሾቼን ነጎድጓድ ነው እያለች ታረጋጋቸው ነበር። የእውነት ነጎድጓድ ሲመጣ ግን ማንም አያምናትም። ናፍጣ ስለጠፋ ወፍጮ ቆመ። እኛን ያቆየን ከወንዙ ማዶ ያለው የአባቴ የበቆሎ ማሳ ነው። እሸቱ ደርሶ ስለነበር ጠዋት ተቀቅሎ፣ ማታ ተጠብሶ እንበላው ነበር። ድልድዩ ላይ ታጣቂዎች ስለሚቆሙ ግን ወንዶች በዚያ ማለፍ ይፈሩ ነበር። ስለዚህ አባቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከድልድዩ ራቅ ብሎ በታችኛው መልካ በእግሩ ይሻገር ነበር።

አባቴ ዋና አይችልም። የአካባቢያችን ሰው በክረምት ሲሻገር እንደሚያደርገው ወገቡን በወፍራም የቃጫ ገመድ ይታሰርና ጫፉን አጎቴ እንድሪስ ከአንድ ጎረቤት ጋር ሆኖ ከዳር ይይዝለታል። ውኃው ከወገብ በማይበልጥበት ጊዜ ይህ ዘዴ ብዙ ሰው አሻግሯል፤ ለዚህ ነው ማንም የማይጠራጠረው። እኔ ግን ዳር ቆሜ ውኃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ሳላስበው ትንፋሼን እይዛለሁ። የምተነፍሰው እሱ ማዶ ሲወጣ ነው። ተመልሶ እስኪሻገር ደግሞ እንደገና እይዛለሁ።

ከግቢያችን ክፍሎች በአንዱ ተከራይተው የሚኖሩ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ መምህር ኡጁሉ ይባላሉ። ጋምቤላ ውስጥ ባሮ ወንዝ ዳር ያደጉ፣ በራችንን አጎንብሰው የሚገቡ ረጅም ሰው ናቸው። መንገዱ የተዘጋው ለክረምት እረፍት ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሻንጣቸውን ካሰሩ በኋላ ነው። ደመወዝ ሲቆም እናቴ ከእኛ ጋር እንዲበሉ አስገደደቻቸው። ሥራ ፈትቶ መብላት የከበዳቸው ይመስለኛል፤ አንድ ቀን አባቴ ሲሻገር አይተው ተመለሱና የድሮ ደብተሬን ለምነው አራት ማዕዘኖች ይስሉ፣ ቁጥር ይደምሩ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ክዳናቸው ያልጠፋ ጀሪካኖች መሰብሰብ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ውኃ የሚቀዳበት ስለሆነ ያገኙት አራት ብቻ ነው። ሁለቱን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ አድርገው በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ አሰሯቸው። መሐሉ ላይ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ጠባብ ቦታ ተዉ። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ ጣውላ የተመታበት አንድ ረጅም እንጨት ነው። ባሮ ላይ በአንድ ግንድ ታንኳ ማደጋቸውን፣ ይህ ዓይነቱ የአንድ ሰው ጀልባ ደግሞ ካያክ እንደሚባል ነገሩኝ።

መምህር ኡጁሉ ሲቀመጡበት ጀልባው ከነእሳቸው ሰጠመ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳቃቸው ከወንዙ ድምፅ በለጠ። እሳቸው ግን ከውኃው ወጥተው ደብተሩን ገለጡና፣ አራት ጀሪካን ቀላል ሰውና ግማሽ ጆንያ እሸት እንጂ እሳቸውን እንደማይሸከም በስሌት አስረዱኝ። ቀላል ሰው ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አላረፈም። ቀላሉ ሰው እኔ ነኝ ያልኩት ራሴ ነኝ። እሸቱን እኔ ካመላለስኩት አባቴ ውኃ ውስጥ አይገባም።

ወዲያው የምቀዝፍ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ዳር ተቀምጬ ውኃ ሳይ ዋልኩ። መምህሩ የደረቀ ቅጠል እየጣሉ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሜ እንድናገር ይጠይቁኛል፤ ብዙውን ጊዜ እሳሳታለሁ። ውኃ ከድንጋይ ጀርባ ወደ ኋላ እንደሚዞር፣ ከመልካው በታች ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ዳሩ ላይ እንደ ኩሬ የረጋ ውኃ እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። ስንት ዓመት ልብስ ያጠብኩበት ወንዝ ነው፤ አላውቀውም ነበር። ከዚያ ባዶ የውኃ ጠርሙሶች ደርድረው በማዳበሪያ ከረጢት ሰፉና እንደ ሰደርያ አለበሱኝ። ውኃ ሲወስደኝ በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ወደሚፈሰው በኩል እንድዘረጋ፣ በፈጣን ውኃ ውስጥ ደግሞ በፍጹም እንዳልቆም አስተማሩኝ። ሰምቼ እሺ አልኩ፤ በተገለበጥኩ በመጀመሪያው ቀን ግን ቆምኩ። እግሬ በሁለት ድንጋዮች መሐል ገባና ውኃው ከኋላዬ ገፍቶ በአፍጢሜ ደፋኝ። ጎትተው ሲያወጡኝ አልተቆጡም፤ ቁጭ ብለው እስካስል ጠበቁና፣ አሁን ገባሽ አሉኝ። ገብቶኛል።

ፊሽካ ነበራቸው፤ ነገር ግን ድልድዩ ላይ ያሉት ሰዎች ሰምተው እንዳይተኩሱ በእጅ ተነጋገርን። መቅዘፊያው ወደ ላይ ከቆመ ደህና ነኝ፣ ከተጋደመ መቅዘፍ አቁሚ ማለት ነው። ወንዙ ወደ አፋር ስለሚወርድ ጎረቤታችን ሐሊማ ልብስ እያሰጣች፣ "ዘይነባ፣ አሳይታ ስትደርሺ ጨው ላኪልን" ትለኝ ነበር። ያኔ ጨው ጠፍቶ ስለነበር ሳቋ ግማሹ እውነት ነው።

ቀዝፌ የረጋውን ውኃ ያለ እርዳታ መዞር ስችል አባቴን አመጣሁት። አየኝ፤ ደስ አለው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ግን ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ወገቤን ሊያስር ቀረበ። መምህር ኡጁሉ መሐል ገቡ። የታሰረ ሰውን ውኃው ወደ ታች ይገፋዋል፣ ገመዱ ደግሞ አይለቀውም፣ በሁለቱ መሐል ጭንቅላቱ ይሰምጣል ብለው አስረዱት። አባቴ ገመዱን አላስቀምጥ ሲል ሁለት ቁራጭ እንጨት አንሥተው አንዱን በሲባጎ አስረው፣ ሌላውን ሳያስሩ ወደ ፈጣኑ ውኃ ጣሉ። ያልታሰረው ተንሳፍፎ ሄደ። የታሰረው ሲባጎው ሲወጠር ጠልቆ ጠፋ፤ ሲባጎውን ሲለቁት ብቅ አለ። አባቴ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ።

"መምህር፣ እንጨት ሰው አይደለም" አለ። "ልጄን ያለ ገመድ ለወንዝ አልሰጥም።"

እሳቸው ደግሞ ታስሬ እንድሻገር አልፈቀዱም። ሁለት የሚወዱኝ ሰዎች ተፋጠው እኔ በመሐላቸው ሰደርያዬን ለብሼ ቆምኩ። በመጨረሻ በረጋው ውኃ ላይ ብቻ እንድለማመድ ተስማሙ። ጀልባው አልተሻገረም፤ አባቴም በገመዱ መሻገሩን ቀጠለ። በዚያ ሳምንት መምህሩ ወባ ያዛቸውና ተኙ። መድኃኒት አልነበረም።

እሳቸው በተኙበት ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሰላት በፊት፣ አባቴ ከማዶ ጆንያ ተሸክሞ ወደ እኛ መመለስ ጀመረ። እኔ ወንዙ ዳር ለፍየላችን ሣር እያጨድኩ ነበር። መርሳ ላይ ፀሐይ ነው፤ በስተ ምዕራብ ተራራው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ያንን ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም አላልኩም። ልብ ያልኩት በውኃው ላይ ስንጥርና የደረቀ ቅጠል አብሮ ሲወርድ፣ የዳሩ ድንጋይ ደግሞ አንድ በአንድ ሲሸፈን ነው። ጮኼ አባቴን ጠራሁት። ቀና ሲል ደራሽ ጎርፉ በላይኛው መታጠፊያ ብቅ አለ። የወንዝ ድምፅ አልነበረውም፤ የጭነት መኪና የሚመጣ ይመስል ነበር።

ጆንያው ሲወድቅ፣ ቀጥሎ አባቴ ሲወድቅ አየሁ። አጎቴ እንድሪስና ጎረቤታችን ገመዱን ሳቡ፤ አልቻል ሲላቸው ዳር ባለው ግራር ግንድ ላይ ጠመጠሙት። ገመዱ ግን መሐል ላይ ባለ ቋጥኝ ተይዞ ነበር። ቢስቡም ቋጥኙን ነው የሚስቡት። አባቴ ከቋጥኙ በታች ተወጥሮ፣ ውኃው በጀርባው ላይ እያለፈ፣ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ተመልሶ ጠፋ። እንዲለቁት ለመንኳቸው። አጎቴ እጁ እየደማ፣ አብደሻል ወይ ብሎ ገላመጠኝ። እሱ ያንን ገመድ ቢለቅ ወንድሙን የገደለ ነው የሚመስለው። ቢስሚላህ ብዬ በማጭዱ ገመዱን ቆረጥኩት።

አጎቴ ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ግን እየሮጥኩ ነበር። ወንዙ ስለሚታጠፍ በእግር አቋራጭ አለ። የአባቴ ጭንቅላት ከቋጥኙ በታች ብቅ ሲል አየሁና፣ በጀርባው እንዲተኛ፣ እግሩን ወደፊት እንዲያደርግ፣ እንዳይቆም እየጮህኩ ቀደምኩት። ጀልባው በረጋው ውኃ ዳር ታስሮ ነበር። ሰደርያውን ለበስኩ፤ እውነቱን ለመናገር አንዱን ማሰሪያ ብቻ ነው ያሰርኩት። ውኃው ጨምሮ ስለነበር ኩሬያችን እንደ ድሮው አልረጋም፤ ዳሩ ግን አሁንም ወደ ኋላ ይዞራል። ከፈጣኑ ውኃ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ እንዳልገባ መምህሩ የነገሩኝን እየደጋገምኩ እዚያው ቀዝፌ ጠበቅሁ። መጠበቅ ከሁሉም ይከብዳል። አባቴ በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩ ቀድሞ መጣ። መቅዘፊያዬን ዘረጋሁለት፤ ያዘው፤ ከእጄ ሊነጥቀኝ ሲል ጎን በኩል እንዳይገለብጠኝ ከኋላ ያለውን ጀሪካን እንዲይዝ ነገርኩት። አባቴን ያዘዝኩት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው። እሺ አለኝ። ውኃው ዞሮ ሁለታችንንም ወደ ዳር መለሰን።

ጭቃው ላይ ተደፍቶ ብዙ ውኃ አስመለሰ። ሲናገር መጀመሪያ የጠየቀው በቆሎው የት እንደ ደረሰ ነው። አጎቴ እንድሪስ ደርሶ አጠገባችን ተቀመጠና እጁን እያየ፣ "ወላሂ የገደልሽው መስሎኝ ነበር" አለኝ። ቤት እስክንደርስም እጄን አልለቀቀም። መምህር ኡጁሉ ሁሉንም ሰምተው፣ ትኩሳት ላይ ሆነው፣ ሁለተኛውን ማሰሪያ ባለማሰሬ ተቆጡኝ። ስቄም አልቅሼም ነበር።

በማግሥቱ አባቴ የመምህሩ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"መምህር፣ ሲሻልዎት እኔንም ያስተምሩኝ" አለ። "እስከዚያ ድረስ ልጅቷ ታስተምረኝ።"

ደራሹ ከጎደለ በኋላ በጀልባው እሸት ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤ ላይ ምንም ሳይኖር። አባቴ በኩሬው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ መንሳፈፍ ሲማር ሐሊማ ልብሷን ትታ ልታየው ትመጣ ነበር።

ዶርም ውስጥ ማታ ማታ ስናወራ ብዙዎቻችን ስለዚያ ዓመት የምንናገረው እንደ ባከነ ዓመት ነው። ብዙ ነገር እንደ ባከነ እኔም አውቃለሁ፤ ከእኛ ክፍል ያልተመለሱ ልጆች አሉ። መምህር ኡጁሉ ከወባው ድነው፣ መንገዱ ሲከፈት ወደ አገራቸው ተዛወሩ። አሁን ባሮ ዳር ሲያስተምሩ፣ የክፍላቸውን ልጆች ቅጠል ጥለው የሚጠይቋቸው ይመስለኛል። እኔ ያንን ዓመት የማስታውሰው ግን አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ብቻ እንደ ነበሩበት ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ግቢ ስገባ ከሁሉም በላይ የፈራሁት አለመቻልን ነበር፤ ያኔ ደጋግሜ ተገልብጬ መቻሌን ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል።

ያኔ አባቴ ማዶ በነበረባቸው ሰዓቶች ደህና መሆኑን የምናውቅበት ምንም መንገድ አልነበረንም። ዛሬ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል። በላሽ ወይ፣ ወልድያ ዘነበ ወይ፣ መጽሐፉን አገኘሽው ወይ ይለኛል። ክፍል ልገባ ነው አባ፣ እለዋለሁ። እሱም እሺ ብሎ አይዘጋም፤ ስለ በቆሎው ማውራት ይጀምራል። ሰዓቴን አያለሁ። መዝጋት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ልስማው ብዬ ከክፍሉ በር ውጭ እቆማለሁ።