ለድራማ ብዬ ስጮህ

«እማዬ፣ እዚህ ብንጮህ ማን ይደርስልናል?» አለችኝ ልጄ፣ ማንንም ወደማናውቅበት ዋራበሌ ሰፈር የገባን ሰሞን።

ከዓመት በኋላ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ አራት ጓደኛሞች ሆነን ቤቴ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ እንጽፋለን። የምንጽፈው ንግግሩን ጮክ ብለን እየሞከርን ነው። እኔ ሚስት፣ ጓደኛችን የከባድ መኪና ሾፌሩ ተሾመ ባል ሆነን ተጣላን። «የጎረቤት ያለህ!» ብዬ ጮህኩ።

በሩ ተበረገደና የፊት ለፊቷ ሶማሌ ሴትዮ ማማሰያ ይዛ ገባች። የተሾመን ኮሌታ ጨመደደች።

«ኧረ ድራማ ነው፣ እናቴ!» አለ ተሾመ።

«ሁሉም ባል እንደዚያ ይላል!» አለች በተሰባበረ አማርኛ።

ከኋላዋ ግማሹ ሰፈር ቆሟል። ጓደኞቼ በሳቅ ሲንከተከቱ እኔ የልጄ ጥያቄ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። ተመስገን አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሯን አንኳኩቼ፣ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኋትን ስሟን ጠየቅኋት።